በስድስት ደቂቃ አራት ፎቅ

መጋረጃ ሰፊዋ የሕንፃው የሲቪል መከላከያ ተጠሪ ሆና የተመረጠችው በሙሉ ድምፅ ነው። ሙሉ ድምፅ የተገኘበት ምክንያት ደግሞ ቀላል ነው፤ ስብሰባው ላይ አልነበረችም። ለአባቷ መድኃኒት ልትገዛ ወጥታ ስትመለስ ጎረቤቶቿ ግቢው ውስጥ ቆመው አጨበጨቡላት።

"እንኳን ደስ ያለሽ!" አላት አንዱ።

ምኑ ደስ እንደሚል ሳትጠይቅ፣ ከሲቪል መከላከያ ጽሕፈት ቤት የመጣው ባለ ክራቫት ሁለት መቶ በራሪ ወረቀት አሸክሟት ወደሚቀጥለው ሕንፃ ተሻገረ። እዚያም ከስብሰባ የቀረ ሰው መቼም አይጠፋም።

ስለ በራሪ ወረቀቱ አንድ ነገር ሳይባል ቢታለፍ ግፍ ነው። ከላይ ባለ ቀለም ሥዕል አለው። አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች ቤዝመንት ውስጥ ተቀምጠው ሽርሽር እንደወጣ ሰው ጥርሳቸውን ያሳያሉ፤ የእናትየዋ ከንፈር እንኳ ቀለሙ አልለቀቀም። ከሥሩ "ዝግጁነት የሥልጣኔ ምልክት ነው!!!" ይላል፣ በሦስት ቃለ አጋኖ፤ በአንዱ የማያምን በሦስቱ ያምናል ተብሎ መሆን አለበት። ቀጥሎ የአለቃው መልእክት፣ የምክትሉ መልእክት፣ የማኅተሙ ጥላ። እውነተኛዋ ነገር ከሁሉም በታች፣ ለጉንዳን የተጻፈ በሚመስል ደቃቃ ፊደል ተቀምጣለች፦ ሳይረኑ ከጮኸ በኋላ ሮኬቱ እስኪወድቅ ያለው ጊዜ ስድስት ደቂቃ ነው።

ሌላው ሰው ሥዕሉን አይቶ ወረቀቱን ጣለው። እሷ ግን ያቺን መስመር አነበበች፤ አንብባም ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። አባቷ አራተኛ ፎቅ ላይ ነዋ። ሕንፃው ሊፍት የለውም። ሰባ ሁለት ደረጃ አለው። አባቷ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው፤ እግሮቹ ከዳሌው ጀምሮ ከከዱት ግን ሦስት ዓመቱ። የአምቡላንስ ሠራተኞች ተሸክመው ካስገቡት ቀን ወዲህ ያንን በር አልፎ አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሙከራ አደረገች። የጨርቅ ጥቅል ክብደት በእጇ ታውቃለችና አባቷን የሚያህል ጨርቅ መዝና በብርድ ልብስ ጠቀለለች፤ ከራሷ በር ጀምራም ቁልቁል ጎተተችው። ሁለተኛ ፎቅ ስትደርስ ወገቧ እንቢ አለ። የስልኳ ሰዓት ዘጠኝ ደቂቃ ይላል። ጨርቅ ደግሞ አያቃስትም፤ አባቷ ግን ያቃስታል።

ስለዚህ በር ለበር ዞረች።

"እኔ እኮ ምድር ላይ ነኝ፣ እህቴ" አለቻት ፀጉር ሠሪዋ፣ የደንበኛ ጭንቅላት እያጠበች። "ከላይ የሚመጣ ነገር መጀመሪያ የሚያገኘው የላይኞቹን ነው። እኔ ጋ እስኪደርስ ይደክመዋል።"

ሦስተኛ ፎቅ ያለው የክብደት አሠልጣኝ፣ ሰፈሩ "ብረት" የሚለው፣ ደረቱን እየመታ ሳቀ። "ይቺን ነገር ሮኬት አይደለም፣ የባለቤቴ ቁጣም አልነቀነቃት!" ከጎኑ ያሉት ባልና ሚስት ደግሞ "ከመጣ መጣ ነው" ብለው በሩን ዘጉ። ከመጣ መጣ ነው የሚሉት እነዚሁ ሰዎች በራቸው ላይ ሦስት ቁልፍ አላቸው።

የመጨረሻው በር የዳይሬክተሩ ነበር። ዳይሬክተሩ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖር፣ ትምህርት ቤት ሲያስተዳድር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ "የትም ከሚወድቅ" ብሎ የተሰባበረውን ዴስክ፣ ሰሌዳውንና ቁም ሣጥኑን ሁሉ አምጥቶ ቤዝመንቱ ውስጥ አጭቆታል። ቁልፉም እሱ ጋ ነው።

"ጋሼ፣ ቤዝመንቱ ባዶ መሆን አለበት" አለችው።

"ልጄ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልጆችን በሰልፍ ሳስወጣ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሰውን የሚገድለው ድንጋጤ እንጂ ቦምብ አይደለም።"

"ቦምቡም ይገድላል፣ ጋሼ።"

"እሱ በኋላ ነው" አላት።

ነገሩን ጭራሽ ያበላሸው ግን የወረቀቱ አራተኛ ነጥብ ነው፦ መስኮቶችን በጥቁር ጨርቅ ይሸፍኑ። መጋረጃ የምትሰፋ ሴት መጋረጃ ስቀሉ ስትል ማን ይሰማታል? ፀጉር ቤቱ ውስጥ በአንድ ከሰዓት ውስጥ ተፈረደባት። "ጥቁር ጨርቅ አከማችታ ነው አሉ!" ስሜን ላጥራ ብላ በነጻ እሰፋለሁ አለች፤ ባሰ። "በነጻ? ማነው ዛሬ በነጻ የሚሰፋ? ይቺ ሴት አንድ ነገር አለባት!" ሐሰተኛ ለመባል ከፈለግህ ለሰው በነጻ ስጥ፤ ሌላ ድካም አያስፈልግህም።

በዚያው ሳምንት ከእነሱ ሁለት ሰዓት የሚርቀው ከተማ ተመታ። አሁንስ ይደነግጣሉ ብላ ጠበቀች። ደነገጡ፤ ግን በስልካቸው ነው የደነገጡት። በአንድ ቀን ውስጥ ሕንፃው በሚሳይል ሊቃውንት ተሞላ። ፍጥነቱን፣ ርቀቱን፣ የተሠራበትን አገር የማያውቅ ሰው ጠፋ፤ አንድ ጀሪካን ውኃ የሞላ ሰውም ጠፋ። ፍርሃታቸውን በወሬ አስተንፍሰው፣ ቀለል ብሏቸው ወደየቤታቸው ገቡ።

"ዛሬስ ስንቱ ሳቀብሽ?" አላት አባቷ፣ አመሻሽ ላይ ትራሱን ስታስተካክልለት።

"አልቆጠርኩም፣ አባዬ።"

"ዳይሬክተሩስ?"

"ስለ ሰልፍ አስተማረኝ።"

አባቷ ጣራውን እያየ፣ "በቃ ተይው። ሳይረኑ ሲጮህ አንቺ ውረጂ። እኔ እዚሁ ነኝ" አለ።

"ይህን ነገር ሁለተኛ እንዳትለው!"

"ለአንድ ተሳፋሪ ተብሎ መኪና ሙሉ ሰው አይቀርም።"

"መኪና ሙሉ ሰው የታለ? እኔ ብቻ ነኝ ያለሁት!"

የሜትር ገመዷን ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ወጥ ቤት ገባች። ውኃውን ከፍታ ለረጅም ጊዜ ምንም ሳታጥብ ቆመች። ስትመለስ አባቷ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል።

"ስሚኝ" አለ ሳይዞር። "ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ 'ወደ ውስጥ ግቡ፣ በሩ ጋ መቆም ያስገድላል' እያልኩ ጮኬያለሁ። አንድ ሰው ንቅንቅ አላለልኝም። 'እባካችሁ ለእማማ ቦታ ልቀቁላቸው' ያልኩ ቀን ግን አውቶቡሱ በሙሉ ተገፋፍቶ ወደ ውስጥ ይገባል። ሰው ለራሱ ሲጠነቀቅ ፈሪ እንዳይባል ያፍራል። ለሌላ ሰው ሲባል ግን ጀግና ነው።"

"እና?"

"እናማ ስለ ሮኬት ማውራትሽን ተይ።" ድምፁ ወረደ። "እማማዋ እኔ ልሁን። አባቴን ተሸከሙልኝ በያቸው።"

ይህን ሰው የማያውቅ ይህ ቃል ምን እንዳስከፈለው አይገባውም። ሦስት ዓመት ሙሉ ጠያቂ ሲመጣ ተኝቷል በይ እያለ የሚመልስ፣ ሬሳ ሆኖ ካልሆነ በቀር ጎረቤት እንዲያየው የማይፈልግ ሰው ነው። መጋረጃ ሰፊዋም ብርድ ልብሱን ከእግሩ ሥር አጠፈችና መብራቱን ቀነሰችው።

በማግስቱ እነዚያኑ በሮች በሌላ ቃል አንኳኳች። "አባቴን የሚያወርድልኝ ሰው ቸግሮኛል። እሁድ ከሰዓት ለሙከራ ያህል ብቻ።"

ተአምር ነው የሆነው። "አሁኑኑ ላውርዳቸው?" አለ ብረት፣ እጅጌውን እየጠቀለለ። "ለታላቅ ሰው ነው" አለ ዳይሬክተሩ፣ አንገቱን ነቅንቆ። ከመጣ መጣ ነው ባዮቹ እንኳ ከሦስቱ ቁልፍ ኋላ ብቅ ብለው ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቁ። ፀጉር ሠሪዋ ትራስ አመጣለሁ አለች። ሁለት መቶ ወረቀትና አንድ የተመታ ከተማ ያልሠሩትን አንድ ሽባ ሽማግሌ ሠራው።

መጋረጃ ሰፊዋ ሦስት ቀን ተቀምጣ የመሸከሚያ ጨርቅ ሰፋች። ለሶፋ ልባስ የሚሆነውን ግራጫ ጨርቅ ደርባ፣ የሻንጣ ማሰሪያ ጥብጣብ ከዳር እስከ ዳር ከሥሩ አሳልፋ፣ ስምንት መያዣ አወጣችለት። እያንዳንዱን መያዣ አራት ጊዜ በስፌት መኪና ሄደችበት። አባቷ አየት አድርጎ "ቃሬዛዬ ደረሰች?" አላት፤ እሷም "ዝም በል" አለችው።

እሁድ አሥራ ሁለት ሰው መጣ። አራት ይበቃ ነበር፤ የቀሩት ስምንቱ ለማዘዝ ነው የመጡት። አባቷ ፂሙን ተላጭቶ ጠበቃቸው፤ ከአልጋው ሲያነሱት ግን ዓይኑን ጨፈነ።

"ቀስ! ቀስ!"

"ራሱን ከፍ አድርገው!"

"ማነው ወደ ግራ ያለው? ግራ ግድግዳ ነው እኮ!"

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተጋጩ። ሁለተኛ ፎቅ መታጠፊያ ላይ ደግሞ የዳይሬክተሩ የጫማ መደርደሪያ ደረጃውን በግማሽ ዘግቶት ነበርና፣ ሽማግሌው አየር ላይ ተንጠልጥሎ መደርደሪያው ጫማ በጫማ ተራገፈ። ቤዝመንቱ በር ጋ ሲደርሱ ተቆልፏል። ቁልፉ የታለ? ዳይሬክተሩ ኪሱን ዳበሰ፤ ሌላኛው ሱሪው ውስጥ ነው። ሮጦ ወጣ፣ ሮጦ ወረደ፣ ቁልፉ ዞረ፤ በሩ ግን አልተከፈተም። ወደ ውስጥ የሚገፋ በር ነው፤ ከኋላው የዴስኩ ክምር ተንዶ ተደግፎታል። ብረት በትከሻው ገፋ። ደም ሥሩ እስኪገተር ገፋ። አንድ ስንዝር ያህል ተከፍቶ ቆመ፤ ከውስጥ የአቧራና የአይጥ ሽታ ወጣ።

ሽማግሌው ከሲሚንቶው ላይ፣ ከነጨርቁ፣ ዓይኑን ገለጠ።

"ስንት ደቂቃ ሆነ?"

"አሥራ ስምንት፣ አባዬ።"

"እንግዲያውስ ከሞትን አሥራ ሁለት ደቂቃ ሆኖናል" አለ። "ቁልፍ የሚፈልገው ሬሳችን ነው።"

ማንም አልሳቀም። ሁሉም በዚያች ስንዝር ክፍተት ጨለማውን ያዩ ነበር። ዳይሬክተሩ ፊቱ እንደ ጠመኔ ነጣ። ዴስኮቹን በዚያው ቀን፣ ሳይመሽ፣ አንድ በአንድ ራሱ አወጣቸው፤ ላግዝህ ያለውን ሁሉ እየተቆጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ቢያዩት በሪፖርታቸው "የግንዛቤ ሥራችን ፍሬ" ብለው ይጽፉት ነበር። ፍሬው ሌላ ነው። ብረት ውኃ ያወረደው የወረደ ክብደት ሁሉ እንደ ስፖርት ስለሚቆጠርለት ነው። ፀጉር ሠሪዋ ሁለት ጀሪካን ያወረደችው የላይኛዋ ጎረቤቷ አንድ ስላወረደች ነው። የላይኛዋ ደግሞ ሦስት ጨመረች። ቤዝመንቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ውኃ፣ ባትሪ፣ ፍራሽና መጸዳጃ ባልዲ ያለው የተሟላ ቤት ሆነ፤ ባልዲውን ማን እንዳመጣው እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ሁሉም ግን ጥሩ ሐሳብ ነው ብሏል። ጥቁሩን ጨርቅም ለመኑ። "ሌላ ቀለም የለውም እንዴ?" የሚል ጠያቂ ብቻ ነው የቀረው።

በሁለተኛው እሁድ ሽማግሌውን በዘጠኝ ደቂቃ አወረዱት፤ በሦስተኛው በአምስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ። ተጨበጨበ። ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሕንፃ "እነዚያ ኋላ ቀሮች" ማለት ጀመሩ።

ሳይረኑ የጮኸው ረቡዕ ነው፣ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ።

መጋረጃ ሰፊዋ ደንበኛ ቤት መሰላል ላይ ቆማ፣ የመጋረጃ ቀለበት በጥርሷ ይዛ፣ ዘንግ እያስገባች ነበር። መጀመሪያ የፋብሪካ ጩኸት መሰላት። ድምፁ ግን ከፍ እያለ፣ ዝቅ እያለ፣ እንደገና ከፍ እያለ መስኮቱን አንቀጠቀጠው። ቀለበቶቹ ከአፏ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ያኔ ነው ቀኑ የታወሳት።

ረቡዕ ነው።

እነሱ የተለማመዱት እሁድ ነው። ሦስቱንም ጊዜ እሁድ! ብረት አሁን ከከተማው ማዶ ሰው እያሠለጠነ ነው። ባልና ሚስቱ ቢሮ ናቸው፤ አራተኛውም ሥራ ላይ ነው። ከአራቱ ተሸካሚዎች አንድም ሕንፃው ውስጥ የለም። ያ ሁሉ የሚሳይል ሊቅ፣ ያ ሁሉ ጭብጨባ፣ ያቺን የምታህል ነገር ያሰበ አንድ ጭንቅላት አልነበረም፤ የእሷም ጭንቅላት ከነዚያው አንዱ ነው።

"ወዴት ነው? ግቢ ወደ ውስጥ!" አለች ደንበኛዋ፤ እሷ ግን ደረጃውን ወርዳለች።

መንገዱ ላይ መኪኖች በራቸውን እንደከፈቱ ቆመዋል። ሰው ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይሮጣል። የሜትር ገመዷ አንገቷ ላይ እየተወዛወዘ ሮጠች። አንድ ዘበኛ ክንዷን ያዛት፤ እጁን ነክሳ ይሆን መንጭቃ፣ ለራሷም አልታወቃት፣ አመለጠችው። ሦስት ደቂቃ። አራት። ደረቷ ይቃጠላል። ጫማዋን ጣለችው። ስድስተኛው ደቂቃ ሱቆቹ ጋ ስትደርስ አለፈ፤ ሰማዩን ቀና ብላ አየችው፤ ምንም የለም፣ ጥርት ያለ ነው። ሰባት። እስካሁን ካልወደቀ አሁን ነው የሚወድቀው። አሁን። አሁን። ስምንት።

ዘጠነኛው ላይ ሕንፃው በር ደረሰች። ፀጉር ቤቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ማድረቂያው ሰው በሌለበት ወንበር ላይ ይነፋል። ሰባ ሁለቱን ደረጃ በእጇም በእግሯም ወጣቻቸው።

"አባዬ!"

በሩ ክፍት ነው። አልጋው ባዶ ነው። ብርድ ልብሱ ወለሉ ላይ ወድቋል።

ያን ጊዜ ነው የወደቀው። ድምፁን ከመስማቷ በፊት ግድግዳው ገፋት። የመስኮቱ መስታወት ከጥቁሩ ጨርቅ ኋላ ተንኮታኮተ፤ ጨርቁ እንደ ሆድ ተነፍቶ ስብርባሪውን ያዘው። በጉልበቷ ወደ ደረጃው ተሳበች። በአቧራ ውስጥ፣ ግድግዳውን እየዳበሰች፣ መታጠፊያ በመታጠፊያ ወረደች። ቤዝመንቱን በር በሁለት መዳፏ ደበደበችው።

የከፈተላት ዳይሬክተሩ ነው። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል፤ አንድ እጁ ደረቱን ይዟል።

"ግቢ! ቶሎ!"

በባትሪው ብርሃን መጀመሪያ ያየችው የማታውቃቸውን ሁለት ሴቶች ነው። አንዷ ግማሽ ጭንቅላቷ ቀለም ተቀብቶ ግማሹ ቀርቷል፤ ሌላዋ ፀጉሯ በቢጉዲን ተጠቅልሏል። ፀጉር ሠሪዋ መዳፏ በመያዣው ተልጦ ትተነፍሳለች። በመካከላቸው፣ ግራጫው ጨርቅ ላይ፣ አባቷ ጋደም ብሏል፤ ከወገቡ በታች በፀጉር ቤት ፎጣ ተጠቅልሏል።

ሁለት ደንበኛ፣ አንድ ፀጉር ሠሪና ልቡ የደከመ አንድ ጡረተኛ። ቀለም የተቀባችው ሴት ሕንፃውን ስታየው የመጀመሪያ ቀኗ ነው።

መጋረጃ ሰፊዋ አባቷ አጠገብ ተደፋች።

"ስምንት ደቂቃ ነው የፈጀባቸው" አላት አባቷ።

"ሰባት ተኩል!" አለ ዳይሬክተሩ ከጨለማው።

"ስምንት። እኔ ነኝ ስቆጥር የነበርኩት፤ አንተማ ስታለከልክ ነበር።"

ስምንት ከስድስት ሲበልጥ ምን ማለት እንደሆነ ለሁሉም ገብቷቸዋል፤ ሕንፃውን ለማታውቀው ቀለም ለተቀባችው ሴትም ገብቷታል። ዛሬ የተረፉት ሮኬቱ ስለዘገየ ነው፣ እነሱ ስለፈጠኑ አይደለም። ከጣራው ላይ አሸዋ ይንጠባጠባል።

"ነገ" አለ ዳይሬክተሩ በመጨረሻ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ። "ነገ በዚሁ ሰዓት፣ እኛው ቤት የምንውለው ብቻ። ሐሙስ ነው፤ የሥራ ቀን ነው።"

"ልብህስ?" አለችው ፀጉር ሠሪዋ።

"እኔ ከእግሩ በኩል እይዛለሁ፣ ቀለል ይላል።"

"ነገ ስትመጡ ግን" አለ ሽማግሌው፣ ድምፁን አጠንክሮ፣ "በር አንኳኩ። ሰው ሱሪውን ሊለብስ ይችላል እኮ!"

ቢጉዲን የጠቀለለችው ሴት ሳቋ አመለጣት፤ ተከትለውም ሁሉም ሳቁ፣ ሳል እየቀላቀሉ። ሁለተኛው ሮኬት ሲወድቅ ሳቁ መሐል ላይ ተቆረጠ። ይሄኛው ይቀርባል። ባትሪው ወድቆ ጠፋ። መጋረጃ ሰፊዋ በጨለማው ውስጥ አባቷ ላይ ተኝታ ሸፈነችው፤ ከላይዋ ደግሞ የማን እንደሆነ ያላወቀችው አንድ ክንድ መጥቶ ሁለቱንም አቀፋቸው።